ለአውሮፕላኑ የመጡ ሽማግሌዎች

በወንድሜ ለቅሶ ላይ ሰው መጀመሪያ ያጽናናው እኔን አይደለም። ጓደኛውን ነው።

ድንኳኑ አዳማ ከቤታችን በር እስከ ጎረቤታችን አጥር ድረስ ተተክሎ ነበር። እኔ ከአጎቶቼ ጋር ተቀምጫለሁ። እንባ አልመጣልኝም። ለምን እንዳልመጣልኝ አሁንም አላውቅም። ጓደኛው ከዓለም ጤና ከተማ በአይሱዙ ተጭነው ከመጡት ሰዎች ጋር ወርዶ ገና ከድንኳኑ አፍ ላይ እየጮኸ ገባ። "ወንድሜ! ወንድሜ!" ነው የሚለው። ከሰሜን ሸዋ የመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ የአባቴ ዘመድ ናቸው፣ እኛን ልጆቹን በመልክ አያውቁንም። ቀጥ ብለው ሄደው አንገቱን አቀፉት።

"አይዞህ የኔ ልጅ፣ ወንድምን የሚተካ የለም" አሉት።

እኔ አይደለሁም አላላቸውም። አቅፏቸው አለቀሰ።

አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ተሳስተዋል፣ ልንገራቸው?" አለኝ።

"ተዋቸው" አልኩት።

ይህን የምጽፈው ጓደኛውን ለመውቀስ አይደለም። ቅናት ነው። ቅናት መሆኑን ያን ቀንም አውቀው ነበር።

ወንድሜ በዕድሜ በብዙ ይበልጠኝ ነበር። አባታችን ከሞተ በኋላ ቤቱን የያዘው እሱ ነው። ሥራው በመቂና በባቱ በኩል ባሉ እርሻዎች ላይ በፀሐይ የሚሠሩ የውሃ ፓምፖችን መትከልና መጠገን ነበር። ጓደኛውንም ያገኘው እዚያ ነው። የልጁ አባት ዓለም ጤና ላይ ሽንኩርት ያለማሉ፤ ፓምፓቸው ቆሞ ሊሠራ ሄዶ፣ ሲፈታና ሲገጥም ከልጃቸው ጋር ሲያወሩ ዋሉ። ማታ ቤት ሲገባ ፊቱ ሌላ ሆኖ ነበር።

"እማ፣ ዛሬ እንደኔ ያበደ ሰው አገኘሁ" አላት እናቴን።

እብደቱ ይህ ነው። በእኛ አካባቢ የግሪሳ ወፍ ማሽላውን ሲወር መድኃኒት የሚረጭ ቢጫ አውሮፕላን ይመጣል። ያላየው ልጅ ሰምቷል። ወንድሜ በልጅነቱ አይቶት አልወጣለትም። ያንን አውሮፕላን የእውነተኛውን ሩብ አሳክሎ፣ በሪሞት እንዲበር አድርጎ መሥራት ፈለገ። መጫወቻ አይምሰላችሁ። አንዱ ክንፉ ብቻ ከእኔ ቁመት ይረዝማል።

የሠሩት በግቢያችን ሰርቪስ ውስጥ ነው። ሰርቪሱ የእኔና የእሱ መኝታ ነበር። የእኔ አልጋ ወጥቶ ሳሎን ገባ። "ለትንሽ ጊዜ ነው" አለኝ። የእሱ አልጋ እዚያው ቀረ። ጓደኛው ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቶ ሲያድር እዚያ አልጋ ላይ ነው አብረው የሚተኙት።

የክንፉን አጥንት ያወጡት ከቲማቲም ሳጥን ነው። ሳጥን ሁሉ አይሆንም። አዲሱ እርጥብ ነው፣ ሲደርቅ ይጣመማል። ያረጀውን፣ ሲያንኳኩት ቀጭን ድምፅ የሚሰጠውን ነው የሚመርጡት፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት እያሹ ያሳሱታል። ሞተሩ አርሲ ነገሌ የተገኘ የተጣለ የዛፍ መቁረጫ ነበር። ሪሞቱንና ጅራቱን የሚያንቀሳቅሱትን ትንንሽ ሞተሮች ከዱባይ የሚመላለስ ነጋዴ አመጣላቸው። ክንፉ የሚለብሰው አቡጀዲ ነው። ጨርቁን በቀጠነ ኮላ ነክረው ይለጥፉታል፤ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅኩ? ሰርቪሱ ከሳሎኑ ጋር ስለተያያዘ በበሩ ስንጥቅ ይሰማል። ሳሎን ተቀምጬ ቴሌቪዥን አጥፍቼ እሰማ ነበር።

"አፍንጫው ከበደ።"

"አልከበደም። ጅራቱ ቀሎ ነው።"

"ያው አይደል እንዴ!"

"ያው አይደለም ወዳጄ። አንተ ሽንኩርት ነቃይ ምን ታውቃለህ?"

"ተው እንጂ ቧንቧ ሠሪው!"

ከዚያ ይስቃሉ። ወንድሜ እንደዚያ የሚስቅ ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር። ከእኔ ጋር ሲያወራ "በላህ?" ነው፣ "አጠናህ?" ነው፣ "ስልኩን አስቀምጥ" ነው። አባት ሆኖብኝ ነበር። ወንድምነቱን ለሌላ ሰው ሰጠው።

አንድ ቀን ሚዛኑን ሲያዩ በሩ ተከፍቶ አየሁ። የትልቅ አውሮፕላን ሚዛን ለአንድ ሰው አይሆንም። አንዱ ከግራ ክንፍ ሥር ይቆማል፣ ሌላው ከቀኝ ክንፍ ሥር፤ እያንዳንዱ በሁለት ጣቱ ብቻ ያነሳል። አፍንጫው ትንሽ ወደ ታች ካለ ደህና ነው። ጅራቱ ከወረደ አይበርም። ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ከበሩ ላይ ዘወር አልኩ። ሰው ሲጸልይ የገባሁ መሰለኝ። ተናደድኩም።

ከዚያ ወባው መጣ። ወንድሜ ዓለም ጤና ለሥራ ሄዶ አንድ ሌሊት ሊያድር ነበር። እዚያው ታሞ ተኛ። በስልክ "ጉንፋን ነው" አለን። ሁለት ቀን በጓደኛው ቤት ተኝቶ፣ በኮንትራት ሚኒባስ ሲያመጡት አላወቀንም። ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ነበር። ሆስፒታል ገባ። አንድም ቃል ሳይናገረን ሞተ።

እኔ ጋ የደረሰው ዝም ያለ ወንድም ነው። የሚናገርበትን ሁለት ቀን ጓደኛው ወሰደው። ይህን ነገር እንዴት ብዬ ልተወው? አልቻልኩም።

ሌላም አለ። ሲከፈን አቡጀዲ ጠፋ። ማለዳ ነበር፤ የሰፈሩ ሱቅ አልተከፈተም። ከሰርቪሱ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የአውሮፕላኑ ግራ ክንፍ ለብሶ ቢጫ ተቀብቷል፤ ቀኙ ገና ነው፣ አጥንቱ ይቆጠራል። ያ ጨርቅ የቀኙ ክንፍ ነበር። በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ጓደኛው ሰርቪሱ ገብቶ ዙሪያውን ሲያይ አገኘሁት።

"እዚህ የነበረው አቡጀዲ የት ሄደ?" አለኝ።

"እሱን ከፈንበት።"

መሬት ላይ ቁጭ አለ። "እኔ ነኝ የገዛሁት" አለ። ለራሱ ነው ያለው፣ ለእኔ አይደለም። እኔ ግን ሰማሁት። ወንድሜ መቃብር የገባው እሱ የገዛውን ለብሶ ነው ማለት ነው። በዚህም ቀናሁ። በከፈን የሚቀና ሰው አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር።

አርባው ወጣ። እናቴ ልብሶቹን ለንስሐ አባቱና ለነዳያን ሰጠች። ሰርቪሱን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ጓደኛው ይደውላል። "እንዴት ናችሁ? እማማ እንዴት ናቸው? እንቅልፍ ይወስዳቸዋል?" ይላል። ስለ አውሮፕላኑ አንድም ቃል አይወጣውም። እኔም አላነሳም። እስኪለምነኝ ነበር የምጠብቀው። ምን ብዬ እንደምመልስለት ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

አልለመነኝም። ሽማግሌ ላከብን።

እሁድ ጠዋት ነው። በር ተንኳኳ፤ ስከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው፣ ዱላ ይዘው ቆመዋል። እናቴ ከውስጥ ወጣች። አንደኛውን በለቅሶው ጊዜ ስላየቻቸው ለየቻቸው።

"አካም ቡልተን! ግቡ፣ ግቡ እንጂ!" አለቻቸው። አዳማ ኖራ የኦሮምኛው ሰላምታ አይጠፋትም።

"ነጋ ነው፣ ደህና ነን።" ገቡ። ግን አልተቀመጡም።

"ተቀመጡ እንጂ።"

"እንቀመጣለን። ጉዳያችን ይቅደም" አሉ በዕድሜ የሚበልጡት።

እናቴ ደነገጠች። "ምነው? በደህና?"

"በደህና ነው። ለክፉ አልመጣንም። የመጣነው በልጅዎ ነገር ነው፣ በሟቹ፤ ነፍሱን ይማረውና። እኛ ዘንድ ሲመላለስ የጀመረው ነገር ነበር። ሳይጨርሰው ሞት ቀደመው። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ወግ ሰው በራሱ አፍ አይጠይቅም፣ በሽማግሌ ነው። ስለዚህ ተልከን መጣን።"

እናቴ ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው። ፊቷ ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁ። ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ያለ ፊት አላየሁባትም።

"ስንት ወሯ ነው?" አለች።

"የማን?" አሉ ሽማግሌው።

"የልጅቷ ነዋ! እኔ እኮ አልቆጣም። ደብቆኝ ነው እንጂ ምን እላለሁ? ምንም አልልም። ትምጣ። እዚሁ ትውለድ፣ እኔ አርሳታለሁ።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ጎንበስ ብለው የዱላቸውን ጫፍ ማየት ጀመሩ። እኔም ለአፍታ አመንኩ። ለአፍታ አጎት ሆኜ ነበር።

"የኔ እመቤት" አሉ ትልቁ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጅ አይደለም። አውሮፕላኑን ነው።"

"ምኑን?"

"አውሮፕላኑን። ከእኛ ልጅ ጋር የሠሩትን። ልጃችን ሊጨርሰው ይፈልጋል። እንድትሰጡት ልንለምን ነው የመጣነው።"

እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "አውሮፕላን" አለች። "ሽማግሌ ለአውሮፕላን?"

"እኛም ስንላክ ሳቅን" አሉ ኮፍያ ያደረጉት ሁለተኛው። "'ይሄ ምን ዓይነት ልመና ነው?' አልነው አባቱን። 'ልጄ እህል እንቢ ብሏል፣ ሐዘንተኛ ደጅ ሄዶ ዕቃ ስጡኝ ማለት ደግሞ ነውር ነው፣ በሉ ሂዱልኝ' አለን። ምን እናድርግ?"

እናቴ ተነስታ መኝታ ቤት ገባች። በሩን ዘጋች። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል፣ እኔም ቆሜያለሁ።

"አንተ ነህ ታናሹ?" አሉኝ ትልቁ።

"አዎ።"

"እንግዲህ የቤቱ ወንድ አንተ ነህ። ምን ትላለህ?"

ሽማግሌን በመጀመሪያው ቀን እሺ ማለት ወግ አይደለም። የአጎቴ ልጅ ስትጠየቅ አይቼ ነበር። 'እንመካከር' ተብሎ ሌላ ቀን ይቀጠራል።

"እንመካከርበት፤ በሁለት ሳምንት ተመለሱ" አልኳቸው።

"ይገባል። ወግ ታውቃለህ" አሉኝ ደስ ብሏቸው።

ወግ አልነበረም። እሱ እንዲጠብቅ ብዬ ነው። ልሸኛቸው በር ድረስ ስወጣ ጓደኛውን አየሁት። ከመንገዱ ማዶ ሱቁ አጠገብ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይገባም። እሱም በወጉ ነው የቀረው። ፂሙን አልተላጨም፤ ከስቷል። ከእኔ የበለጠ ከስቷል ብዬ ይህንንም ቆጠርኩበት።

በዚያ ሳምንት እናቴ ስለ ልጅቷ ምንም አላነሳችም። ስለ አውሮፕላኑ ግን ጠየቀችኝ።

"ምን ያደርግልሃል?"

"የወንድሜ ነው።"

"ቁልፉን ይዘህ ትዞራለህ እንጂ አንድ ቀን ከፍተህ አላየኸው።"

"ስፈልግ አየዋለሁ።"

"ይሄ ቅናት ነው ልጄ።"

"አዎ" አልኳት።

አዎ እንደምላት አልጠበቀችም። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ቢላዋዋን ቆም አደረገች። "በሞተ ሰው አይቀናም" አለች።

"በሞተው አይደለም። በቆመው ነው።"

እሷን ለማሳፈር ብዬ ሰርቪሱን ከፈትኩ። አቧራ ለብሷል። ግራ ክንፉን አንስቼ ልገጥመው ሞከርኩ። በሆዱ በኩል የሚያልፍ የአሉሚኒየም ቱቦ አለ፣ ክንፉ በእሱ ላይ ይሰካል። አልገባልኝም። ዙሬ በሌላ በኩል ሞከርኩ፣ አልገባም። ፕሮፔለሩን በእጄ መታ መታ አደረግኩት። ምንም። በእያንዳንዱ የክንፍ አጥንት ላይ በእርሳስ ቁጥር ተጽፏል፤ አንዱ የወንድሜ እጅ ነው፣ አንዱ የጓደኛው። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ይቀጥላል። እኔ በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ነጥብ እንኳ የለኝም። አልጋዬ የነበረበት ቦታ ላይ የተቆራረጠ እንጨት ተከምሯል።

እዚያ ተቀምጬ ነው ያሰብኩት። አውሮፕላኑ ምኔም አይደለም። የምፈልገው ሌላ ነው፣ እሱም ያለው ጓደኛው ጋ ነው። እንግዲያው ይክፈል።

በቀጠሮው ቀን እናቴ ከጎኔ ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ በዚህኛው ቀን ተቀመጡ።

"እህ፣ ልጅ፣ ምን መከራችሁ?" አሉ ትልቁ።

"እሰጣለሁ። ግን ጥሎሽ አለው።"

ባለ ኮፍያው ፈገግ አሉ። "ልክ ነው። ያለ ጥሎሽማ አይሆንም። በሬ ነው፣ ግመል ነው?"

"ሽንኩርት ከሆነ አይሱዙ ሙሉ እናመጣለን" አሉ ሦስተኛው። "ዘንድሮ ገዢ ጠፍቷል።"

እናቴ እንኳ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

"ወንድሜ እናንተ ጋ ታሞ ሁለት ቀን ተኝቷል። እኔ ጋ ሲደርስ አይናገርም ነበር። በሁለቱ ቀን የተናገረውን ሁሉ ጓደኛው ይንገረኝ። ሳያስቀር። ከዚያ አውሮፕላኑን ይውሰድ።"

ሳቁ ቆመ። ባለ ኮፍያው ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

"ይሄ ከግመል ይከብዳል" አሉ።

"ይጠራ" አሉ ትልቁ።

ተጠርቶ ገባ። በሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ እናቴን ነው ያየው።

"እማማ፣ እርስዎ ባሉበት ልናገር?"

"ተናገር። እኔም ልስማ።"

"ሲመጣ 'ብርድ ብርድ ይለኛል' አለኝ። ፓምፑን ግን ጨረሰ። 'ተኛ' ስለው 'ጉንፋን ነው፣ ነገ እነሳለሁ' አለ። ለስላሳ አምጣልኝ አለ፣ አመጣሁለት፤ 'ሞቋል፣ አንተን የላከ' ብሎ ሰደበኝ። እናቴ እግሩን ስታሽለት 'ኮርኩረሽ ልትገድይኝ ነው' ይላታል። አማርኛ ብዙም አትሰማም፣ ግን ሳቀች። ከዚያ 'ኮላው ደርቋል?' አለኝ። የጅራቱን ነው፤ በዚያ ሳምንት ነበር የለጠፍነው። 'ደርቋል' አልኩት። 'እርግጠኛ ነህ?' አለ። እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ይነቃል፣ 'ኮላው ደርቋል?' ይላል።"

"ቀጥል" አልኩት።

"በማግስቱ 'ውሃ፣ ውሃ' ብቻ ነበር። ከዚያ ደግሞ 'ንፋሱ ከየት ነው?' አለኝ። ቤት ውስጥ ተኝቶ እኮ ነው። እኔም ወጥቼ አየሁለት። 'ከምሥራቅ ነው' አልኩት። 'እንግዲያው እንጠብቅ' አለ። ከዚያ በኋላ የሚለው አልገባኝም። መኪና ፍለጋ ሮጥኩ።" እጁን አየ። "ቀደም ብዬ መሮጥ ነበረብኝ። ጉንፋን ነው ሲል አመንኩት።"

እኔ የቀረኝን ጠየቅኩ።

"እኔን አንስቷል?"

ትልቁ ሽማግሌ አሳላቸው። ሦስተኛው ፈጠን ብለው "መቼም የታመመ ሰው ወንድሙን..." ብለው ሲጀምሩ ጓደኛው ቀና አለ።

"አይ" አለኝ። "አላነሳህም።"

"እማንስ?"

"እሳቸውንም አላነሳም።"

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። "ኮላ ነው እንዴ ያስጨነቀው ልጄን" አለች።

'አዎ፣ አንስቶሃል' ቢለኝ አልሰጠውም ነበር። ተዘጋጅቼ ነበር የጠበቅኩት። ምን ብሎ እንዳነሳኝ፣ በየትኛው ሰዓት፣ በምን ስሜ እንደጠራኝ እያልኩ ጠይቄ ውሸቱን ላወጣበት ነበር። ሽማግሌ እያየው፣ እናቴ እያለቀሰች፣ ሊዋሽ ይችል ነበር። መዋሸቱ ደግነትም በሆነ ነበር። ደግነት አላሳየኝም። ቁልፉን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

ሽማግሌዎቹ በኦሮምኛ መረቁን። እኔ ምርቃቱን አልሰማሁም። 'ንፋሱ ከየት ነው?' የሚለውን ነበር የማስበው። እኔን ቢጠይቀኝ ኖሮ አላውቅም። ንፋስ ከየት እንደሚነፍስ ለማየት ቀና ብዬ አላውቅም። ወንድሜ ለሚያውቅ ሰው ነው የጠየቀው።

ጓደኛው ቀኙን ክንፍ ያለበሰው እዚሁ እኛ ቤት ነው። አቡጀዲውን እናቴ ገዛች፣ በካውያ ተኮሰችው፣ ጫፉን ያዘችለት። እኔ ሳሎን ነበርኩ። አንድ ነገር አላት፤ ስትስቅ ሰማሁ። አሁን ደግሞ እናቴን፣ አልኩ በልቤ።

ቀለሙ ሲደርቅ ጠራኝ። "ና፣ ሚዛን እንየው። ለአንድ ሰው አይሆንም።"

ከግራ ክንፍ ሥር ቆምኩ። የማን ቦታ ላይ እንደቆምኩ አልጠየቅኩም። በሁለት ጣት አነሳን። ፊት ለፊት ቆመናል፣ መተያየት ግድ ነው።

"አፍንጫው ከበደ" አልኩ።

"አልከበደም" አለና አፉን ያዘ።

የሚቀጥለውን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ማናችንም አላልነውም። ቀስ ብለን አስቀመጥነው።

ያበረረው ሽንኩርቱ ከተነሳ በኋላ፣ ዓለም ጤና በአባቱ ማሳ ላይ ነው። ያለ ፈቃድ አይሆንም፤ ከቀበሌ ተጠይቆ ተፈቀደ፣ አንድ ሚሊሻም እንዲቆም ተላከ። ሚሊሻው አውሮፕላኑን ሲያይ "ይሄ ነገር እኔን ያነሳል እንዴ?" አለ። "አንተን አያነሳም፣ ሆድህን ቀንስ" አሉት ሽንኩርቱን ሲለቅሙ የከረሙት ሴቶች። ሽማግሌዎቹም መጥተዋል፤ ጥላ ይዘው፣ እንደ ሰርገኛ ተደርድረው።

ንፋሱ ሳይነሳ በጠዋት ነው። ጓደኛው ፕሮፔለሩን መታው፣ መታው፣ ሞተሩ ጭስ ተፍቶ ተነሳ። ጆሮ ያደነቁራል። ሞተሩ እስኪሞቅ አንድ ሰው ጅራቱን መያዝ አለበት። "ያዝ!" አለኝ በምልክት። ተንበርክኬ ያዝኩ። መላ ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ፣ ጥርሴ ሳይቀር። ሊሄድ ይጎትተኛል፤ እንደ በሬ ይጎትታል። እጁን አነሳ። ለቀቅኩ።

በባዶው ማሳ ላይ አቧራውን እያስነሳ ሮጠ። ጅራቱ ተነሳ። ከዚያ መንኮራኩሮቹ ከመሬት ለቀቁ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሁሉም ሰማይ ሰማይ ያያል። እኔ የጓደኛውን አውራ ጣቶች ነበር የማየው። ትንሽ ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሳቸው። የታች ከንፈሩን ነክሶ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጓል። ወንድሜ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፣ ስልክ ሲጠግን፣ ክር በመርፌ ሲያስገባ። ማን ከማን ወሰደው? ከወንድሜ ቢወስደው ይሻለኝ ነበር። ወንድሜ ከእሱ ወስዶት ከሆነ ግን፣ እኔ የወንድሜ ነው ብዬ የማስታውሰው ሁሉ የስንት ሰው ነው?

ቀና ብዬ አየሁት። ቢጫው በሰማያዊው ላይ ደምቆ ዞሮ ይመጣል። ያምር ነበር። ያን ጊዜ እንዲወድቅ ፈለግኩ። እውነቱ ይህ ነው። ወድቆ ይሰባበር፣ የማንም አይሁን፣ የሁለታችንም አይሁን አልኩ።

አልወደቀም። ዞረ፣ ዝቅ አለ፣ ማሳው ላይ ነጠር ነጠር ብሎ ቆመ። ሰው ሁሉ ሮጠ። ጓደኛውን ተሸከሙት። እሱ በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ዓይኑ ይፈልጋል። እኔን ነው የሚፈልገው። ሲያየኝ ሪሞቱን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። እጄን አነሳሁለት፣ ትንሽ።

ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ስመለስ እናቴ ደወለች። አልመጣችም ነበር፤ ልቤ አይችልም ብላ።

"በረረ?"

"በረረ።"

"ከፍ አለ?"

"በጣም።"

"ማን አበረረው?"

"እሱ ነዋ።"

"አንተስ?"

"ጅራቱን ያዝኩ።"

ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ዶሮ ታቅፋለች፣ ዶሮዋ ትጮኻለች።

"ያውቅበታል ግን?" አለችኝ። "እንደ ወንድምህ ጎበዝ ነው?"

"አይሰማም እማ" አልኳት። "ኔትወርክ የለም።"

ይሰማ ነበር።